ከፋይ የለበሰው ኮምፒውተር

ታላቅ እህቴ ራቁቱን የቆመ ዕቃ ማየት አትወድም። ልብስ ሰፊ ናት። የሚለካ ሰው ባጣች ቁጥር እጇ አርፎ ስለማይቀመጥ የቤቱን ዕቃ ታለብሳለች። ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው። ፍሪጁ ከላይ ቆብ ነገር ደፍቷል። የጋዝ ሲሊንደሩ እንኳ ቀሚስ ለብሷል፤ ያውም ጫፉ ላይ ጥልፍ ያለው። እኔ፣ የመጨረሻው ወንድሟ፣ ሳላገባ እሷ ቤት ተለጥፌ የቀረሁት፣ ሶፋው ላይ ጋደም ስል ሜትሯን ይዛ እንዳትመጣብኝ በአንድ ዓይኔ ነው የምተኛው።

እታለም ነው የምንላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር፣ እሷ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። በዚያው ከትምህርት ቤት ቀረች። መርፌ ይዛ አሳደገችን፣ አስተማረችን፤ ሌሎቹን ለወግ ለማዕረግ አበቃች፣ እኔን ለቢሮ ወንበር። ሁላችንም ራሳችንን ከቻልን በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ "ትምህርቴን ልጨርስ ነው" አለች። ሳቅን። ሳቃችንን ሳንጨርስ ሄዳ ተመዘገበች።

የርቀት ትምህርት ነበር። መጽሐፉ ስፌት መኪናው ላይ ተዘርግቶ፣ አንድ እግሯ መርገጫው ላይ፣ አንድ ዓይኗ ሒሳቡ ላይ፤ እንዲህ እያለች ክፍሎቹን አንድ በአንድ ጨረሰች። የቀራት የማጠቃለያው ፈተና ብቻ ሆነ። እሱም የሚሰጠው ቤት ውስጥ፣ በኮምፒውተር ነው። ሕጉ ጨካኝ ነው፦ ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ከተቋረጠ ይዘጋል፤ ሰበብ የሚሰማ የለም፤ ከዚያ በኋላ ወይ የመጪውን ዓመት መጠበቅ ነው፣ ወይ መተው። እኔ እህቴን አውቃታለሁ። አንዴ ከተመለሰች ሁለተኛ አትሞክረውም ነበር።

ለዚሁ ብዬ የድሮ ኮምፒውተሬን ሰጠኋት። ግዙፍ ሣጥን ነው፣ ግን ይሠራል። ጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጥንላት። በማግስቱ ከቢሮ ስመለስ ሣጥኑ ለብሶ ጠበቀኝ። ቀይ ከፋይ ጨርቅ ነው፣ ገበር ያለው፤ ለማብሪያው ቁልፍ ቀዳዳ፣ ለገመዶቹ መውጫ ወጥቶለታል። ልኩ ልክክ ያለ ነበር። ቤት የመጣ ሁሉ አደነቀ፤ እኔም አደነቅሁ፤ ምን ልዋሽ፣ አምሮበት ነበር።

መለማመጃ ፈተናውን ስትጀምር ነው ጣጣው የመጣው። መሀል ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ትንሽ ይቆይና ምንም እንዳልተፈጠረ ራሱ ይነሳል።

"ደግሞ እኮ እንኳን ደህና መጡ ይለኛል!" ትላለች እታለም፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "የት ሄጄ ነበር? የሄደው እሱ!"

እኔ ቫይረስ ነው አልኩ። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። እንደገና ሞተ። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እሱ ደግሞ ኃይል አንሶት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ፍሪጁን ነቀለና ኮምፒውተሩን እዚያ ሶኬት ላይ ሰካው። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ሞተ፤ በላዩ ላይ ወተቱ ተበላሸ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ አንድ ቀን ሣጥኑን በእግሬ ነካ አደረግሁት። "ልብሱን!" ብላ ጮኸችብኝ።

በመጨረሻ ጥገና ቤት ልወስደው ተነሳሁ። እታለም "ቆይ" አለችና ከፋዩን አወለቀችው። "ጥገና ቤት አቧራ ነው፤ አቆሽሸህ እንዳታመጣብኝ" ብላ አጥፋ አስቀመጠችው።

ቴክኒሻኑ ቀኑን ሙሉ ፊልም ሲያጫውትበት ዋለ። አንዴም አልጠፋም። "ጤነኛ ነው፣ ውሰደው" አለኝ። ቤት መጣ፣ እታለም ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ ልጅ አለበሰችው፣ መለማመጃዋን ጀመረች፣ መሀል ላይ ድርግም። መልሼ ወሰድኩት። አሁንም ከፋዩ ወለቀ፤ አሁንም እዚያ ምንም አልሆነም። በዚህ ጊዜ ሰውየው ቱግ አለ።

"ስማ ወንድሜ፣ እኔ ጋ ቀጥ ብሎ ይሠራል። እናንተ ቤት ምንድን ነው የምታደርጉት?"

"ምን እናደርገዋለን! እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የምንይዘው!" ብዬ ሣጥኑን ታቅፌ ወጣሁ።

ፈተናው ጥቂት ቀን ቀረው። ሌላ ኮምፒውተር ልዋስልሽ እንዳልላት፣ ፈተናው ከተመዘገበው ማሽን ሌላ ላይ አይከፈትም። አንድ ቀን ምሳ ላይ እታለም ሰሃኗን ገፋ አደረገችና "ይቅር እንግዲህ፤ ለእኔ አልተጻፈም ማለት ነው" አለች። ይቅር የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ንዴቴን የምወጣበት ባጣ ቴክኒሻኑን መራገም ጀመርኩ።

"ደግሞ አያፍርም፣ ቤታችሁ ምን እያደረጋችሁት ነው ይለኛል!"

እታለም ቀና አለች።

"ምን አለህ?"

ደገምኩላት። እሷ ግን እንደ ስድብ አልሰማችውም። ተነስታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ ኮምፒውተሩ ጠዋት እንደተከፈተ ነበር። ጎንበስ ብላ እጇን ከከፋዩ ሥር ሰደደች።

"ና እስቲ፣ እጅህን አስገባ።"

አስገባሁ። አሁን የተነቀለ ካውያ ነው የሚመስለው።

"ጥገና ቤት ይሄን ለብሶ ነበር?"

"አይ። አንቺው አይደለሽ ያወለቅሽው?"

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሊስቅ ነበር፤ አይቼዋለሁ፤ ግን ሳል አስመሰለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ከፋዩን ገፎ ይወረውር ነበር። እታለም ግን በግምት መቀስ አታነሳም። መጀመሪያ አወለቀችውና ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ መለማመጃውን ጀመረች። መሀሉን አለፈ! መልሳ አለበሰችውና ሌላ ጀመረች፤ መሀል ላይ ድርግም። "በቃ፣ እኔው ነኝ" አለች። እንደገና አወለቀችው። በዚህኛው ግን፣ ራቁቱን ሆኖ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጠፋ። እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ። እሷ ስልክ ይዛ ቴክኒሻኑ ጋ ደወለች።

"ልጄ፣ የዚያ ኮምፒውተር ባለቤት ነኝ። ለካ ከፋይ አልብሼው ኖሯል።"

"ምን አለበሱት እትዬ?"

ሳቁ ለእኔም ተሰማኝ። ሲበቃው ግን ቁም ነገር ተናገረ፦ ሙቀት ሲበዛበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ያኔ ሲሠራ ስላየሁት አልከፈትኩትም፤ አሁን ነቅላችሁ ጎኑን ክፈቱና ማራገቢያውን እዩት አላት።

ከፈትነው። ማራገቢያው ራሱ ከፋይ ለብሷል! ቀዩን ብናኝ ሁሉ ዕለት በዕለት ስቦ ስቦ በክንፎቹ ላይ ጠቅልሎታል፤ ጥገና ቤት ሳለ ገና እንዲህ አልታፈነም ነበር ማለት ነው።

እታለም ፊቷ በራ። "ውይ፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው!" አለች። የስፌት መኪናዋን ብሩሽና ወረንጦ አምጥታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ክር ለቀመችው። ስናበራው ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ቀለል አለ። ያን ቀን መለማመጃውን ከዳር ዳር ጨረሰች። ደገመችው፤ አሁንም ጨረሰች።

የፈተናው ዕለት ክፍሉ ውስጥ ከተፈታኙ ሌላ ሰው እንዳይኖር ስለተከለከለ እኔና ባሏ ከበሩ ውጭ ቆምን። የምንሰማው የማራገቢያውን ድምፅ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ሹፌሩ ክንዴን ጭምድድ ያደርገኛል፤ ዝቅ ሲል ይለቀኛል። ጎረቤት በር በኃይል ሲዘጋ ሁለታችንም ዘለልን። መሀሉ ሲያልፍ አወቅን፤ ሰዓቱን እያየን ነበርና። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሹፌሩ በዚያ ሁሉ ዓመት መሪ ይዞ እንዲህ አላበውም።

በመጨረሻ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

"ና አንተ፣ ግባ።"

ገባሁ። እታለም መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። በጣቷ ስክሪኑን አሳየችኝ።

"አንብብልኝ።"

"እንኳን ደስ ያለዎት። ፈተናውን አልፈዋል።"

"ድገመው።"

ልደግመው ስል እንባዬ ቀደመኝ።

"አንተ ምን ሆነህ ታለቅሳለህ? የተፈተንኩት እኔ!" አለችኝ፤ የራሷ እንባ ግን አገጯ ላይ ደርሷል። "ድገመው አልኩህ።"

ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀምጣ ፊደል ስታስቆጥረኝ፣ ልክ በዚህ ድምፅ ነበር ድገመው የምትለኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ ደገምኩላት።