እቴነሽ ያስተረጎመችው ንስሐ

የጋሳይ መንደር ሴት እቴነሽ ብዙ ችላለች፤ ባሏን ቀብራ፣ ገብሷን አሳርሳ፣ ልጆቿን ድራለች። የማይቻለው አሁን መጣ። የመጨረሻ ልጇን ካሳውን ደብረ ታቦር ወስዳው ሐኪሞቹ «ጉበቱ አልቋል፣ ቤታችሁ ግቡ» ብለው መለሷት። ሞቱንስ እሺ፤ ያንገበገባት ሳይናዘዝና ሳይቆርብ መሄዱ ነው። ካሳው በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ይዞት ከተረፈ ወዲህ አይሰማም፣ አይናገርም።

«አንደበት የሌለውን እንዴት አናዝዘዋለሁ?» አሉ የነፍስ አባቷ አባ ማሬ።

እግራቸው ላይ ወደቀች። አባ ማሬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መጽሐፍ አዋቂ ዘንድ ሄደው ጠይቀው በማግስቱ ተመለሱ።

«የሐዋርያት ሥራ ላይ ‹ልሳን› የምንለው በግሪኩ ‹ግሎሳ› ነው አሉኝ። የአፍ ምላስም ይባልበታል፣ የአገር ቋንቋም። በጰራቅሊጦስ ዕለት ሐዋርያት ምላስ መች አነሳቸው? የተሰጣቸው ሰሚው የሚያውቀው ቋንቋ ነው። ልጅሽ ቋንቋ አለው?»

«አለው አባቴ። በእጁ ነው የሚያወራ።»

«ማን ያውቅለታል?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያስ አንቺ አስተርጉሚ። አንዲት ቃል ብትለውጪ ግን ንስሐው ያንቺ እንጂ የሱ አይሆንም።»

ጎረቤቱን አስወጥታ፣ ለአባ ማሬ በርጩማ አቅርባ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የካሳው እጆች ከጋቢው ወጡ። በር ዘጉ፤ መቀርቀሪያ አስገቡ፤ ወደ እሷ ጠቆሙ።

«ምን አለ?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የካሳው ዝምታ ግን ነቅዞ ኖሯል። «በግ ሰረቅሁ ይላል» ብትል ማን ያውቅባታል? ፈራች። ለነፍሱ ፈራችለት።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ጓዳ ትቆልፍብኝ ነበር ይላል። በእህቴ ሰርግም። አፍራብኝ ነው። ኃጢአቴ እሷን መጥላቴ ነው ይላል።»

አባ ማሬ አቀረቀሩ። «ቂም ይዞ አይቆረብም። ይቅር በለኝ በይው።»

እጇን አነሳች፤ እጇ እዚያው ቀረ። ና፣ ብላ፣ ዝም በል፣ ግባና ተደበቅ፣ ለሁሉም ምልክት ነበራቸው። ለይቅርታ አልነበራቸውም። አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ጨነቃት። ከወፍጮው ላይ መጁን አንስታ፣ በዕርቅ ጊዜ በዳይ እንደሚያደርገው ድንጋዩን አንገቷ ላይ ተሸክማ ተንበረከከች። ካሳው ግን ዕርቅ አይቶ አያውቅም፤ የሚያየውማ ከጓዳ ቢወጣ ነበር። አፍጥጦ ሲያያት ቆይቶ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ዝቅ አደረገ።

«ምን አለ?» አሉ አባ ማሬ።

«‹ይከብድሻል፣ አውርጅው› ይላል አባቴ» አለች እያለቀሰች። «ይቅርታ መሆን አለመሆኑን ግን እኔ አላውቅም።»