የልብስ ሰፊዋ እግርና የልጇ የበጋ ዙር

ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ብትወጣም ቀኝ እግሯ ከሥራ አልወጣም። አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ሲረግጥ የኖረ እግር ነው። ጉልበቷ እምቢ ብሎ መኪናው ጥግ ከያዘ በኋላም እሷ ቁጭ ካለች እሱ ሥራ የገባ ይመስለዋል። ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ ይረግጣል። አውቶቡስ ውስጥ ይረግጣል። አንድ ቀን ከፊቷ የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ፣ «እማማ፣ የኔን ወንበር ቢመቱት ምን ይጠቅማል? የሚነዳው እኮ ሾፌሩ ነው» ብሏታል።

ሁለት ልጆች አሏት። ታላቋ ሴራሚክ ነጋዴ አግብታ ሱቅ ትውላለች። ትንሹ ዲጄ ነው። ዲጄ ሲባል ሠርግ ላይ የሚያጫውተው ዓይነት አይደለም። ሀውስ የሚባለውን፣ ዱም ዱም እያለ መድረሻውን ሳይናገር የሚሄደውን ሙዚቃ ራሱ እየሠራ፣ ራሱ እየለቀቀ፣ በበጋ ከክለብ ክለብ እየዞረ የሚያጫውት ነው። የሥራ ስሙ ዲጄ ቁልፍ ነው። በሦስት ዓመቱ ከደንበኛ ኮት ላይ የወደቀ ቁልፍ ውጦ ቤተሰቡን ሁለት ቀን ሲያስጠብቅ ነው ስሙ የወጣለት። ያ ኮት እስከ ዛሬ ዓይኗ ላይ አለ። ግራጫ ነው፣ ባለ አራት ቁልፍ፣ ገበሩ ቡናማ። ባለቤቱ መጥቶ «አራተኛው የታለ?» ቢላት፣ «በመንገድ ላይ ነው» ነበር ያለችው።

ያን ጊዜ ልጁ የሚውለው ከመኪናው ጠረጴዛ ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ነበር። መኪናው ሲሮጥ ይተኛል፤ ክር ተበጥሶ መኪናው ሲቆም ይነቃና ያለቅሳል። ሙዚቃውን ከዚያ ነው ያመጣው የሚሉ አሉ። እሷ አትቀበልም። «የኔ መኪና እንዲህ አልጮኸም፤ ቢጮህ ዘይት አደርግለት ነበር» ትላለች።

ዲጄ ቁልፍ ታዲያ አዲስ የሙዚቃ ሥራ ከመልቀቁ በፊት አንድ ደንብ ነበረው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ላፕቶፑንና ሁለት ስፒከሮቹን ተሸክሞ እናቱ ቤት ይመጣል። ሶፋው ላይ ያስቀምጣታል፤ ጫማዋን ያስወልቃታል። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ጢሙን ያሳደገ ሰውዬ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ሙዚቃውን ይከፍትና እግሯን ያያል። እግሯ ከረገጠ ሥራው ይለቀቃል። ካልረገጠ ቀረ።

«እማዬ፣ እንዳታስቢበት! አስበሽ ከረገጥሽ አይቆጠርም።»

«ማን አሰበ?»

«አንቺ ነሻ። ይኸው አውራ ጣትሽ ተነሥቷል።»

«አውራ ጣቴ የራሱ ጉዳይ ነው፤ አንተ ሥራህን ሥራ።»

አንድ ጊዜ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ አዲሶቹን ሥራዎች በምን እንደሚመርጥ ቢጠየቅ፣ «ቤት ውስጥ የማይሳሳት መለኪያ አለኝ» አለ። ጋዜጠኛው ውድ መሣሪያ መስሎት ከየት እንዳስመጣው ጠየቀው። «ስወለድ ነው ያገኘሁት» ብሎ አለፈው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ሐኪም ቤትና አውቶቡስ አላስቀምጥ የሚል እግር፣ ሰው ትክ ብሎ ሲያየው ያፍራል፤ እንደ እንግዳ ልጅ ጭጭ ይላል። ልብስ ሰፊዋም ብትሆን ከሙዚቃዎቹ አንዱን ከሌላው አትለይም፤ ለእሷ ሁሉም አንድ ረጅም ነገር ናቸው። የምታየው የልጇን ፊት ነው። ከምንጣፉ ላይ ቀና ሲል በልጅነቱ ከረሜላ የሚለምንበት ያ ፊት ከመጣ፣ ራሷ ታስረግጠዋለች። እያዛጋ ወይም ስልኩን እያየ ካገኘችው እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች። እንዲህ አምስት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ ላይ ልታስደስተው ብላ ነው፤ በኋላ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ልጆች አድገው ከወጡበት ቤት ውስጥ ማክሰኞ ትልቅ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምራ ምንጣፉን ታራግፍ ነበር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠና። ያለፉት ሁለት በጋዎች የለቀቃቸውን ሰው ዞር ብሎም አላያቸውም። እህቱ ቁጭ አድርጋ መከረችው፤ ይህ በጋም እንደዚያው ከሆነ ክለቡን ትቶ ሴራሚክ ሱቅ ሊገባ፣ እናቱ ባለችበት ቃል ገባ። ነጋዴው አማቿ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደስታውን መደበቅ የማይችል ሰው ነው እንጂ።

«እማማ፣ ለዚህ ሥራ እኮ የተፈጠረ ነው!» አላት። «ሴራሚክ ሲንኳኳ የተሰነጠቀው በድምፁ ይታወቃል። እንደሱ ያለ ጆሮ ከየት ይገኛል? ጋውኑን እንኳ በልኩ ገዝቼ በር ላይ ሰቅየዋለሁ።»

ዙሩ ስምንት ክለብ ነበር፤ አዲሶቹ ሥራዎች አራት። አራቱንም ያሳለፋቸው እግሯ ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታስብ ያ ጋውን ሰው ገብቶበት ሲሄድ ይታያት ጀመር።

ከመጀመሪያው ክለብ ማግሥት ደወለላት።

«እንዴት ሆነልህ?»

«ጥሩ ነው። ሰዉ ቁጭ ብሎ አዳመጠ።»

«ጨዋ ሰዎች ናቸው።»

«እማዬ፣ ክለብ እኮ ነው! ሰው ቁጭ ካለ አለቀልኝ ማለት ነው።»

ከሦስተኛው በኋላ ሲደውል ድምፁ ወርዷል። «ትናንት አንድ ሰው እየሮጠ ወደኔ መጣ። ደስ አለኝ። መጸዳጃ ቤቱ የት ነው አለኝ።»

«ታዲያ አሳየኸው?»

«አሳየሁት።»

ከአራተኛው በኋላ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ያን ሰሞን እግርሽን አሞሽ ነበር እንዴ?» አላት። ስልኩ ተዘግቶም እጇ ላይ እንደያዘችው ቀረች።

በሳምንቱ ራሱ መጣ፣ መኪናውን በሳጥንና በገመድ ሞልቶ። አምስተኛው ክለብ ውሃ ዳር ነው፤ በበጋ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በቀን ነው የሚያስጨፍረው። አስቦ አስቦ የደረሰበት ነገር ስህተቱ የቤቱ ስፒከር ነው የሚል ነበር። እናቱን እዚያው ወስዶ በትልቁ ስፒከር እንደገና ሊለካ ነው። እምቢ ትበል? ሳጥን ታቅፋ ፊት ወንበር ተቀመጠች። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሦስቱንም ጊዜ «አዞረሽ እንዴ?» እያለ መስኮቱን ዝቅ አደረገላት። ሲደርሱ ነፋሱ ሻሿን ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር።

ክለብ በቀን ሲታይ ያሳዝናል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ተሰቅለዋል፤ ቤቱ የወለል ሳሙና ይሸታል። ሥራ አስኪያጇ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛ መጣች። የድምፅ ባለሙያው ወፍራም ሰው ነው፤ ፕላስተሩን እንደ አምባር ክንዱ ላይ አስገብቶ ገመድ ወለል ላይ ይለጥፋል። አስተናጋጁ ብርጭቆ ይወለውላል።

«መለኪያው መጥቷል» አላቸው ዲጄ ቁልፍ።

«ሬዲዮ ላይ ያወራህለት?» አለችው ሥራ አስኪያጇ።

«አዎ።»

«የት አለ?»

«እናቴ ናት።»

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊዋን ከሻሿ እስከ ነጠላ ጫማዋ አየቻት፤ ከዚያ ምንም ሳትል አንድ ወንበር አውርዳ መሐል ወለል ላይ አስቀመጠችላት። ጫማዋን አወለቁ። ባለሙያው ተንበረከከ፤ አስተናጋጁ ብርጭቆውን እንደያዘ ቁጢጥ አለ፤ ሥራ አስኪያጇም ደብተሯን ታቅፋ ጎንበስ አለች። ልጇ ወደ ማጫወቻው ሰገነት ወጣ፤ ሙዚቃው ተለቀቀ፤ ድምፁ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ቀና ብላ ፊቱን ፈለገች። መብራት ነው። ነጭ መብራት ዓይኗ ውስጥ ተተክሏል፤ ከኋላው ልጅ ይኑር ግድግዳ ይኑር አይታወቅም።

«ተነቃነቀ!» አለ ባለሙያው።

«እሱ ወለሉ ነው» አለ አስተናጋጁ።

ሁለተኛው ተለቀቀ። ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ልጇ በማይክ፣ «እማዬ፣ ዘና በይ እንጂ!» አለ። እግሯ እንደ ብረት ደርቋል። ዝም ብላ ትርገጥ? የትኛውን? ደግሞ የማይሆነውን ብታሳልፍ ያ ጋውን አለ።

«መብራቱን አዙሩልኝ!» አለች እየጮኸች።

«ለምን?» አለ ባለሙያው እሱም እየጮኸ።

«ፊቱን አላየሁትም!»

«የልጅዎን? ፊቱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ፊቱን ሳላይ መቼ እንደምረግጥ በምን አውቃለሁ?»

ሙዚቃው ያለቀው ልክ «መቼ» ስትል ነበር። የቀረው ቃል ባዶው ቤት ውስጥ ብቻውን ተሰማ። አስተናጋጁ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

ዲጄ ቁልፍ ከሰገነቱ ወርዶ ፊት ለፊቷ ወለል ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«አምስት ዓመት? አምስት ዓመት እግር ሳይ የኖርኩት ራሴን ለማየት ነው?»

«እኔም ያንተን ፊት አይቻለሁ፤ ምን ቀረብህ?»

«ሴራሚክ ሱቅ ልታስገቢኝ ነው እኮ፣ እማዬ! ለምን አልነገርሽኝም?»

ሻሿን አስተካከለች፤ መልሳ ደግሞ አበላሸችው። «ማክሰኞ ትቀርብኛለህ ብዬ ነዋ» አለች።

ሥራ አስኪያጇ ደብተሯ ላይ የሚጻፍ ነገር ያለ ይመስል ገለጥ ገለጥ አደረገች። ቀድሞ የተናገረው ወፍራሙ ባለሙያ ነው።

«ይቅርታ፣ በመሐላችሁ መግባቴ አይደለም» አለ። «ያልተረገጡትስ? የታሉ?»

«የትኞቹ?»

«እሳቸው የዘለሏቸው። ፊትህ ሳይፈካ የቀሩት።»

ከቁርጥራጭ ላይ ያደገ ልጅ ምንም አይጥልም። ላፕቶፑ ውስጥ «ቅሪት» የሚል ማኅደር ነበር፤ ሃያ ሦስት ሥራ ታጭቆበታል። ጥርሱን እያመመው የሠራው፣ ምሳ እየጠበቀ የሠራው፣ ሌላ ነገር ሲያስብ በራሱ ያለቀለት። አንዱን ከፈተው። ባለሙያው ወደ ገመዱ ተመለሰ፤ ግን ፕላስተሩን የሚቀድበት እጁ ከሙዚቃው ጋር አብሮ መሄድ ጀመረ። አስተናጋጁ ሁለት እርምጃ ሲሄድ አንዱን ይመልሳል። ሥራ አስኪያጇ ደብተሯን ዘጋች።

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እነዚህን ነው የምታጫውተው» አለችው። «እነዚያን አራቱን ስታጫውት እንዳላይህ!»

ጣሪያው ተነቀለ ማለት አይደለም። ነገር ግን እስኪመሽ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ስታይ ነበርና ትመሰክራለች። አንድ ጎረምሳ ወደ ልጇ እየሮጠ ሲሄድ ያ የመጸዳጃ ቤት ጥያቄ ትዝ አላት፤ ጎረምሳው የጠየቀው ግን የሙዚቃውን ስም ነው። ስም የለውም። እዚያው «የጥርስ ሕመም» ተባለ። በቀሩት ሦስት ክለቦችም እንዲሁ ሄደ፤ ከቅሪቱ ሦስቱ ተለቀቁ፤ ስምንተኛው ክለብ ለሚቀጥለው በጋ ዛሬውኑ እንዋዋል አለ። አማቿ ሲሰማ ከልቡ አዘነ፤ «ያን የመሰለ ጆሮ!» እያለ ለሱቁ ሌላ ሰው ፈለገ።

ልጇ ሲድን እሷ ግን ማክሰኞዋን አጣች። ዙሩ ካለቀ በኋላ በመጣው ማክሰኞ ምንጣፉን አላራገፈችም። ለማን ብላ? ሹራብ ይዛ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሳለች በሩ በእግር ተገፋ። ልጇ ነው፤ በሁለት እጁ ሁለት ስፒከር ይዟል።

«ተነሽ» አላት፤ ሰላም እንኳ ሳይላት።

ሶፋውን በአንድ ጎኑ ይዞ እየጎተተ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረው። «አሁን ተቀመጪ። ፊቴን አታይም።»

«ግድግዳ እያየሁ ልቀመጥ?»

«ግድግዳ እያየሽ።»

ተቀመጠች። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጠች፤ ሌላ የምታደርገው ነገር ስላልነበረ ነው። እሱ ከሶፋው ጎን ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኛ።

«እሺ?» አለ የመጀመሪያው ሲያልቅ።

«ረዘመ። በዚህ ጊዜ ሁለት ሱሪ ይሰፋል።»

ጻፈው። «ይኼኛውስ?»

«ጎረቤት በር እያንኳኳ ነው የሚመስለው።»

ጻፈው። ሦስተኛውን የውሃ ቧንቧ አለችው፤ ለአራተኛው እንዲያውም አዘነችለት። እንዲህ ደስ ብሏት ሰው ሰድባ አታውቅም። ይዞ የመጣቸው ሰባቱም አለቁ፤ እግሯ ንቅንቅ አላለም።

«እማዬ፣ አንዱን እንኳ?» አለ ከምንጣፉ ላይ፣ ሳቁን ይዞ።

«አይ ልጄ» አለች ለግድግዳው። «እነዚህን ይዘህ ሂድና ሌላ ሠርተህ በሚቀጥለው ማክሰኞ ና።»