ጋሼ ሁለት ጊዜ የነገረን ጨለማ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ሆሳዕና ከተማ ያኔ መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እራት ሳይቀርብ ነው። እናቴ ኩራዙን ለኩሳ መስኮቱ ሥር ታስቀምጣለች፣ የከሰል ማንደጃውን ከጓዳ ወደ ሳሎን ታመጣለች፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቆጮ ፍሙ ላይ ሆኖ ጠርዝ ጠርዙን እያረረ ይጨሳል፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠን ጋሼ ሄራሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያኔ ተረት መጣ ማለት ነው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በወጣትነቱ የኪነት ቡድን ውስጥ እየዘፈነ የሚተውን ሰው ነበር። ከፍቅሩ እስከ ጠቡ በዜማ የሚነገር ቲያትር ይዘው በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። ቡድኑ ሲበተን ሻንጣውን ይዞ እኛ ቤት መጣ፣ የጓሮዋ ክፍል ተሰጠችው፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። ቀን ቀን የሰው ወረቀት ያመላልሳል። ማታ ፍሙ ዳር ሙሽራ ይሆናል።

ተረቱ የዚያ ቲያትር ታሪክ ነው። ሙሽራው በፈረስ ይመጣል፣ ሙሽሪት ግን ለሌላ ተሰጥታለች። ጋሼ ፈረሱን በምላሱ ያስረግጠዋል፣ አማቲቱን በአፍንጫው ይናገራታል፣ የሙሽሪት ተራ ሲደርስ ድምፁን ያቀጥነውና ከግድግዳው ጥላ ጋር ይወዛወዛል። እናቴ አማኝ ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ትዘምር ነበር። ዘፈኑ ሲጀመር ተነስታ ጎረቤት እንዳይሰማ መጋረጃውን ትስባለች፣ ተመልሳ ትቀመጥና ቀስ ብላ «ከዚያስ?» ትላለች።

እኔ የምጠብቀው መብራት የሚጠፋበትን ቦታ ነው። ከዱራሜ ወዲያ ባለች ከተማ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ የሠርጉ ዘፈን መሃል ላይ መብራት ድርግም ይላል። ጋሼ ዜማው ይጠፋበታል። የት እንደደረሰ አያውቅም፣ መሣሪያው ይቀጥላል፣ ሕዝቡ ማጉረምረም ይጀምራል። ያኔ ሙሽሪቷ በጨለማው እጁን ትይዘዋለች። አንጓውን በጣቷ እየመታች ምቱን ትቆጥርለታለች፤ መግቢያው ሲደርስ ጠበቅ አድርጋ ትመታዋለች፣ ይገባል። ሕዝቡ ክብሪት እየጫረ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

ጋሼ እዚህ ሲደርስ የኔን እጅ ይዞ አንጓዬን ይመታዋል። «ይኸው፣ እንደዚህ» ይለኛል። ጣቱ ከፍሙ ሞቋል። ያኔ መሬት ላይ ከዚህ የሚበልጥ ደግነት ያለ አይመስለኝም ነበር።

*

ሙሽሪቷ እትዬ አስካለ ናት። እዚያው ከተማችን ገበያ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ ኋላ ልብስ ትሰፋለች። የቡድኑን የመድረክ ልብስም የምትሰፋው እሷ ነበረች። ቡድኑ ከተበተነ ወዲህ ስትዘፍን የሰማት የለም፤ የስፌት መኪናውን በእግሯ ስትነዳ ብቻ አፏን ዘግታ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የዚያን ዓመት የኳየሩን አዲስ ጋዋን እንድትሰፋም ጨርቁ ተሰጥቷት ነበር፣ ነጭ፣ አንገትጌው ወይን ጠጅ።

*

በዚያው ዓመት ጋሼ ጌታን ተቀበለ። ማመኑን ያኔም አልተጠራጠርኩም፣ አሁንም አልጠራጠርም። ያስጠላኝ ሌላ ነው።

እኛ ዘንድ ያመነ ሰው ይመሰክራል። ማን ነበርኩ፣ ምን ያህል ወረድኩ፣ ማን አወጣኝ። በዙሪያችን ያለው የሌሞ ገበሬ ሲመሰክር ቶሎ ያልቅበታል፤ ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቷል፣ ታርቋል፣ ሌላ ምን አለው? ጋሼ ግን ሙሉ ቲያትር ነበረው። የዓለም ዘፈን ምን እንደሆነ ለማሳየት መዝፈን ነበረበት። ዘፈነ። ቤታቸው በሬዲዮ ዘፈን የማይከፍቱ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡት፣ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ፣ አለቀሱ። ከሆመቾ ጠሩት። ከአንጋጫ ጠሩት። ጋሼ ባለቀ ኮቱ እየሄደ ፊቱ አብርቶ ይመለሳል። ማንም ጨምርልን አላለውም፤ ግን ሁለተኛ የሚጠሩት ሰዎች ያንኑ መስማት እንደማይፈልጉ ገብቶታል። ስለዚህ የወረደበት ጉድጓድ በሄደበት ሁሉ እየጠለቀ መጣ።

የኛ ቤተ ክርስቲያን ተራ የደረሰ እሑድ ፊት ወንበር ላይ ከልጆች ጋር ተቀምጫለሁ። ጋሼ ከሙሽራው ጀመረ። ፈረሱን አስረገጠ። ሰው ፈገግ አለ። «መብራት ጠፋ» ሲል ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ።

«በጨለማው ውስጥ እጄን ያዘችኝ» አለ ጋሼ።

ዝም አለ። እዚያ ዝምታ ላይ እንዴት እንደሚቆም ያውቅበታል።

«ከዚያ ወዲያ የሆነውን፣ ልጆች ስላሉ፣ አልናገርም።»

ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዞር ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ ያበራል፣ ጥሩ ምግብ እንደቀረበለት ሰው። ከየወንበሩ «ጌታ ሆይ ማረን» ይባላል፣ ግን አንገቶቹ ሁሉ ወደፊት ተሰግገዋል። ጋሼ ይህን አየና አንድ ነገር ጨመረ።

«ዛሬም እዚሁ ገበያችን ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ጸልዩላት።»

የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ። አንድም የውሸት ቃል አልነበረበትም። መብራት ጠፍቷል። እጁን ይዛዋለች። ከተረቱ ያስቀረው የጣቷን ምት ብቻ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ የሚያቅለሸልሸኝ አይመስለኝም።

ምሳ ላይ «ጣቷስ?» አልኩት። ቆጮውን በቅቤ እያጠቀሰ ነበር፣ ቅቤው አገጩ ላይ ይወርዳል።

«የቱ ጣት?» አለ። ከዚያ ትዝ አለውና ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ መድረክ ላይ እኮ ሁሉም አይባልም።»

ጣቱን ላሰ። ያንኑ አንጓዬን ይመታበት የነበረውን ጣት።

*

በሳምንቱ የኳየሩ ሴቶች ጨርቃቸውን ሊያስመልሱ ሄዱ። እናቴም አብራ ሄደች፣ እኔን ይዛ። ጋዋኖቹ ተቆርጠዋል፣ በሳሙና ቁራጭ ተሰምረዋል፣ ግማሾቹ እጅጌ የላቸውም። እትዬ አስካለ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ምንም ሳትጠይቅ እያንዳንዱን አጥፋ ሰጠቻቸው። ቅያሜ እንዳይኖርሽ፣ ለኅብረቱ ብለን ነው አሏት፤ እንጸልይልሻለንም አሏት። አንዷ የራሷን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ ይዛ ወጣች፣ የሞተ አይጥ የያዘች ይመስል።

እናቴ አልወጣችም።

«ታደለች፣ አንቺም ሂጂ» አለቻት እትዬ አስካለ። «በኔ የተነሳ አይጥመዱሽ።»

«የኔ እጅጌ ቀርቷል» አለች እናቴ፣ እንድትለካት ክንዶቿን ዘርግታ።

እትዬ አስካለ ለካቻት። ጨርቁን የስፌት መኪናው ላይ አድርጋ በእግሯ መንዳት ጀመረች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ መብራት የጠፋበትንም ነው የተናገረው? ብላ ጠየቀች። እኔ ነገርኳት። ሁሉንም እንደተናገረ፣ ጣቷን ግን እንደተወ።

እግሯን ከመኪናው አነሳችና አየችኝ።

«ያኔም ራሱን ችሎ መግባት አይችልም ነበር» አለች። «ካልመቱለት ይጠፋዋል። አሁን ማን እንደሚመታለት እንጃ።»

አልተናደደችም። ስለ ሥራ ባልደረባዋ ድክመት የምትናገር ነበር የምትመስለው። ከዚያ እጅጌውን ገጠመችው።

አዲሱ ጋዋን ሲለበስ የሌሎቹ በሌላ ሰፊ ተጨርሶ ትከሻው ተጨማዶ ነበር። የእናቴ ብቻ እንደ ውኃ ይወርድ ነበር። የኳየሩ መሪ ከኋላ እንድትቆም ነገራት። ከኋላ ቆማ ዘመረች። እትዬ አስካለን ግን ያ አላዳናትም። ዩኒፎርም የሚያሰፉት ወላጆች አንድ በአንድ ቀሩ፣ ሱቋን ዘግታ አንጋጫ እህቷ ጋ ሄደች፣ እዚያው መሞቷን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰማን። ሱቋ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ኩራዙ ይበራል፣ ፍሙ ይመጣል፣ ጋሼ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እናቴ «ዛሬ ደክሞናል ወንድሜ» ትለዋለች። እኔ ተነስቼ እተኛለሁ፤ የቅጠሉ ጭስ እስከ አልጋዬ ይከተለኛል።

*

በቀደም ቢሮ ውስጥ አንዷ ባልደረባዬ ስልኳን አቀበለችኝ። «አጎትሽ አይደሉ? እንዴት ያስለቅሳሉ መሰለሽ።»

ቪዲዮው ላይ ያለው ጋሼ ነው። ፀጉሩ ነጭ፣ ሱፉ አዲስ፣ ከሥሩ ኪቦርድ ይንቆረቆራል። አዳራሹ ትልቅ ነው። ፈረሱ መጣ፣ አማቲቱ መጣች። ድምፁ ዛሬም ያምራል፤ ጆሮዬ ይህን ማወቁም አስጠላኝ። «መብራት ጠፋ» አለ። «እጄን ያዘችኝ» አለ። ዝም አለ።

ኪቦርዱ ይጠብቃል። ሕዝቡ መንፈስ ቅዱስ ነካው ብሎ ያለቅሳል። ዝምታው ከሚገባው በላይ ረዘመ፣ ፊቱ ላይ ፍርሃት ያለፈ መሰለኝ። የሚቀርጸው ሰው ካሜራውን ወደ እጆቹ አወረደ። የግራ እጁ የቀኙን አንጓ ይዞታል። ጣቱ ቀስ እያለ ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ መታ።

ልክ በቦታው ገባ።

ከነዚያ ምሽቶች ብዙው ነገር ጠፍቶብኛል። የአማቲቱን ዘፈን አላስታውሰውም፣ ሙሽሪት በመጨረሻ ለማን እንደተሰጠችም እንጃ። የእትዬ አስካለን ስም በየአዳራሹ እያረከሰ የሚኖረው ሰው ግን ዛሬም የሚገባው በእሷ ጣት ነው። እሱ ያውቀዋል፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ የሚያለቅሰው ሕዝብ አያውቀውም።

«ነካሽ አይደል?» አለችኝ ባልደረባዬ ዓይኗን እየጠረገች።

ስልኩን መለስኩላት። ጠረጴዛው ሥር አንጓዬን ይዤው ኖሯል። ለቀቅኩትና እጄን ልታጠብ ወጣሁ።