ጉልቤ ትንፋሽ ሲያጥረው

ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ እጄ እስክሪብቶ የያዘው ለፊርማ ብቻ ነው። ስናገርም ድምፄ አይወጣም፤ ምናልባት መጻፉ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር።

የምኖረው አንዋር መስጊድ አጠገብ፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ ጨርቅ ይነግዳሉ። የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነ ወዳጃቸው የባሕር አሳዎች አመጣላቸውና ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አሠሩ፤ ውሃው ጨው ነው። ከአሳዎቹ አንዱ ሲመጣ መዳፍ አይሞላም ነበር። አሁን ትሪ አክሏል። ጥርሱ የሰው ጥርስ ይመስላል። አብረውት የመጡትን እየነከሰ ስለጨረሳቸው ጉልቤ አልነው። እኔንም ሳበላው አውራ ጣቴን ይዞኝ ያውቃል፤ ጥፍሬ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል።

ውሃውን የሚያናፍሰው ሞተር ከቆመ ጉልቤ ይታፈናል። አጎቴ ሱቅ ሲውሉ ጠባቂው እኔ ነኝ። ስለዚህ ጆሮዬ አያርፍም። ልብስ ሳጥብም፣ ሽንኩርት ስከትፍም፣ በጋሪ ገፊዎቹ ጩኸት መሃል ያንን የሞተር ድምፅ እፈልጋለሁ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ከመንገድ እመለሳለሁ።

የአጎቴ ሚስት ግን አሳውን አይወዱትም። «ሰው አሳ ይበላል፤ እኛን ግን አሳው በላን» ይላሉ።

አንድ አርብ ቀትር ላይ ሞተሩ ዝም አለ። መብራት ጠፋ። አጎቴ ለጁምዓ ሄደዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው። መብራት ሲጠፋ ሞተሩን የምናስነሳበት ጀነሬተር ያለው ሱቅ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ሰጋጁ ሞልቶታል፣ እስከ በራችን ድረስ ካርቶን አንጥፎ። በማን ላይ ተረማምጄ ልለፍ? ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወጣሁ።

ቆይቶ ጉልቤ ወደ ላይ መጣ። አፉን ከውሃው አውጥቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ተይው፣ ቀኑ ደርሶ ይሆናል» አሉ የአጎቴ ሚስት ከሶፋው ላይ።

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ለምጃለሁ። ግን ጆግ አነሳሁ። ከገንዳው እየቀዳሁ፣ አረፋ እንዲያወጣ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሳለሁ። እጄ ውሃው ውስጥ በገባ ቁጥር አውራ ጣቴን አጥፋለሁ። ጉልቤ አልነከሰኝም። አለመንከሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ክንዴ ዛለ።

«አንቺ፣ ምንጣፌን አበሰበስሽው እኮ!»

«እትዬ፣ የሚቀዱበት ያምጡ።»

«ምን አልሽ?»

«ያምጡ! በዚያ በኩል ይቅዱ!»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዘው መጡ፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ «ቢነክሰኝ፣ እኔ ደግሞ አንቺን ነው የምነክሰው!» አሉ።

«ከፍ ያድርጉት! አያቋርጡ!»

ስንቀዳ፣ ስናፈስ፣ ሁለታችንም በሰበስን። ውጭ ሰላቱ አልቆ የገበያው ጫጫታ ተመለሰ። ድንገት ጉልቤ ተወርውሮ የማንቆርቆሪያውን አፍ ነከሰ። እትዬ ጮኹ፤ እኔ ግን «አያቋርጡ!» እላለሁ።

ማንቆርቆሪያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡና እየሳቁ «መብራት መጣ እኮ፣ ሞተሩም ተነሳ! በቃ አትጩሂብኝ» አሉኝ። «ለካ ድምፅ ነበረሽ።»