በሸለቆው ፊልም ላይ ያለች ነጭ ነጥብ

እትዬ ኑርጃማል የአጥር ጎረቤቴ ናት። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ እሷ ጂኦግራፊ፣ እኔ ሩስኛ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። ግቢዎቻችንን የሚለያቸው አንድ ረድፍ የኮክ ዛፍ ብቻ ስለሆነ እሷ ቤት የሆነው ነገር እኔ ቤት ሳይሰማ አይቀርም። የፊልሙንም ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከተማችን ቶክቶጉል አሁን ያለችበት ዳገት ላይ የተሠራችው ግድቡ ሸለቆውን ሊሞላው ሲል ነው። ታች የነበሩት መንደሮች ሁሉ ወደ ላይ ተነሱ። የእትዬ ኑርጃማል መንደር ሳሪ-ታልም አብራ ሰመጠች። እናቷ ሰዉ ከመነሳቱ በፊት በነበረው ጸደይ ስለሞተች እዚያው ከባሏ ጎን ተቀብራ ነበር፤ መቃብሩ ከመንደሩ ጋር ውኃ ውስጥ ቀረ።

የእናትየዋ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ የኖረ። በተነሱበት ቀን ዝናብ ዘነበ፤ ፎቶው ጭነት መኪናው ላይ ውኃ ገባበትና ሲደርቅ ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። ወንድሟ ሊያላቅቀው ሲሞክር ወረቀቱ ባዶውን ወጣ፤ ፊቷ መስታወቱ ላይ ተላልጦ ረገፈ። እትዬ ኑርጃማል ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረች። ከዚያ በኋላ እናቷን በሐሳቧ ብቻ ይዛት ኖረች፤ ሐሳብ ደግሞ እያደር ይደበዝዛል። አንድ ቀን ቦርሶክ የሚባለውን ሊጥ በዘይት አብረን ስንጠብስ እንዲህ አለችኝ፦

«ቡሩል፣ አሁን እኮ እናቴን በዕድሜ በለጥኳት። ፊቷን ላስታውስ ስል የሚመጣብኝ የራሴ ፊት ነው።»

ባሏ ቃሊይ የወረዳው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበር። የተገናኙት ሰዉ ከሸለቆው ከተነሳ በኋላ፣ እዚህ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲያርፍ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከክረምት ባርኔጣዎቹ ሥር ቆርቆሮ ሙሉ ፊልም ትቶ ሄደ። እሷም ለረጅም ጊዜ አልነካችውም። አንዳንዴ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታሸተዋለች፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ቃሊይ ከጨለማ ክፍሉ ሲወጣ እጁ እንደዚያ ይሸት ነበር ትላለች።

በመጨረሻ ልጇ ታላይ ሞስኮ ሆኖ በስልክ ሲጨቀጭቃት ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ተነሳች። መጀመሪያ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄድን። ልጅቷ ፊልሙን ወረቀት በምትገለብጥበት ስካነር መስታወት ላይ አነጠፈችው፤ የወጣው ጥቁር ቅዳጅ ነበር። የዚያ ማሽን ብርሃን ወረቀቱን መትቶ የሚመለስ ነው፤ ፊልም ግን ብርሃኑ በውስጡ ዘልቆ ካላለፈ ምንም አይናገርም። ይህን ያኔ አላወቅንም። ልጅቷ «ፊልሙ ተቃጥሏል» ስትለን እትዬ ኑርጃማል ክፉኛ ደነገጠች።

ቢሽኬክ ውስጥ ትልቅ የፎቶ ቤት አለ ብለው ነገሩንና ቆርቆሮውን ይዤ እኔ ሄድኩላት። ከሳምንታት በኋላ ሁሉንም በፍላሽ ሰጡኝ። ፎቶዎቹ እንደታጠበ ሳህን ጽድት ብለዋል፤ ጭረት የለ፣ አቧራ የለ። እኔ ደስ አለኝ። እሷ ግን እያንዳንዱን አፍጥጣ ስታይ ቆየችና ሳሪ-ታል ከኮረብታ ላይ የተነሳችበት ፎቶ ጋር ስትደርስ ቆመች። ዛፎቹ አሉ፣ ወንዙ አለ፣ የኮልኮዙ፣ የኅብረት እርሻው፣ ጎተራ አለ። ነገር ግን በጎቹ እንደቀለጠ ሳሙና ሆነዋል።

«ሰው የለበትም» አለች። «ቃሊይ ሰው የሌለበት ፎቶ አያነሳም ነበር።»

እኔ ድካም መሰለኝ። እሷ ግን ነገሩን አልተወችውም። በጸደይ መንገዱ ሲከፈት ሁለቱን የተራራ ማለፊያዎች ተሻግረን አብረን ቢሽኬክ ወረድን፤ ቬኒያሚን ፓክ ወደሚባል ሰው ቤት። ፓክ ኮሪያዊ ዘር ያለው አዛውንት ነው፤ በወጣትነቱ ለጋዜጣ ሲሠራ ከቃሊይ ጋር ተራራ ለተራራ ዞሯል። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው እጇ ላይ ያለውን የማር ገንቦ ነው።

«ባልሽ በሕይወት እያለ ማር ላኪልኝ ስልሽ ንቦቹ ታመዋል ትይ ነበር» አላት።

«አንተ ስትመጣ ነው የሚታመሙት» አለችው። ከዚያ ሁለቱም ስለ ቃሊይ ሳያወሩ ትንሽ አለቀሱ።

ፓክ ቆርቆሮውን ከፍቶ አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። ያ የኮምጣጤ ሽታ ፊልሙ ራሱ እየፈረሰ ነው ማለት ነው፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይጨማደዳል፣ ኋላም ምስሉን የያዘው ሽፋን ይለቃል አላት። እትዬ ኑርጃማል ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ስታሸተው የኖረችው ነገር የፊልሙ መሞት እንደሆነ ሲነገራት ምን እንደተሰማት አልጠየቅኳትም።

ፓክ ሁለት ማሽኖች ነበሩት። አንደኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ክዳኑ ውስጥም መብራት አለው። ብዙ ቁራጭ ፊልም አንዴ ይይዛል፣ ትልልቅ ፊልምና የታተመ ፎቶም ይሆነዋል። ሌላው ትንሽ ሣጥን ነው፤ አንዲት ቁራጭ ፊልም ብቻ ይውጥና እያጉረመረመ ቀስ እያለ ያነባል፤ ትንሹን ፊልም ግን ከጠፍጣፋው በተሻለ ወደ ውስጥ ዘልቆ ያያል። አሁን ብዙ ሰው ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግቶ በካሜራ እንደሚያነሳውም ነገረን፤ ያ ፈጣን ነው፣ ግን የተጨማደደ ፊልም አልጋደም ሲል ያስቸግራል። የቱን ልታውሰኝ ነው ስትለው የትኛው እንደሚሻላት መልሶ ጠየቃት።

«የሚዘገየውን» አለች። «እኔ የት እሄዳለሁ?»

ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ለአዳዲስ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ካቆሙ ቆይተዋል። ፓክ አንድ ሌላ ሰው ለአሮጌ ስካነሮች ብሎ የጻፈውን ፕሮግራም ጫነላት፤ ከላይ እስከ ታች ቁልፍና ሣጥን ብቻ ነው። አብዛኛውን አትንኪ አላት። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ አስጠነቀቃት። ማሽኑ ዓይን በማያየው ብርሃን ፊልሙን ፈትሾ አቧራ የመሰለውን የሚያጠፋበት መንገድ አለው። ለአብዛኛው ባለ ቀለም ፊልም መልካም ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ የተሠራው ከብር ስለሆነ ማሽኑ ብሩንም አቧራ ይለዋል፤ ያጠፋውና ከዙሪያው ባለው ነገር ይደፍነዋል፤ ፎቶ ቤቱ በጎቹን ያቀለጠው በዚሁ ነው። ይህን አጥፊው፣ ከጭረቱ ጋር ይምጣ አላት። ደግሞ በመጀመሪያ ማሽኑ ያነበበውን ትልቁን ፋይል እንዳለ አስቀምጪ፤ ማሳመሩን በቅጂው ላይ ታደርጊዋለሽ አላት።

በዚያ ክረምት ማታ ማታ ሳይሆን ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቷ ስትገባ ነበር የምትሠራው። በብሩሽ ፊልሙን ትጠርጋለች፣ በጓንት ትይዘዋለች፣ ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ሻይ ትቀዳለች። መብራት ሲጠፋ ሥራው ከመሐል ይቆረጣል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ስደርስ ከጨለመው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ትስቃለች።

«ለመብራት ብለው መንደሬን አሰመጡ፤ ፎቶዋን እንዳላይ ደግሞ መብራት ከለከሉኝ» አለችኝ።

የሳሪ-ታል ፎቶ ጋር የደረሰች ቀን በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። ድምጿ ልክ ስላልነበር ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያ ኮረብታ፣ ያ ወንዝ ነው፤ አሁን ግን ጭረትና አቧራ ሞልቶበታል። በጎቹ በግ ሆነዋል። ከመንደሩ ወደ ወንዝ በሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ፊልሙን ሁለት ጊዜ ጠርጋ ደግማ ብታነበውም ነጥቧ ከቦታዋ አልሄደችም። ከዚያ አጉልታ አሳየችኝ። ጥቁር ልብስ የለበሰች ሴት ናት፤ ነጩ ነገር ኤሌቼክ ነው፣ የጥንት ሴቶች የሚጠመጥሙት ትልቁ ነጭ ጥምጥም።

ሌላ ሴት ልትሆን አትችልም ወይ አልኳት፤ ኋላ እንዳታዝን ብዬ ነው።

«ያን ጊዜ ሌሎቹ ሻሽ ነበር የሚያስሩት» አለች። «ኤሌቼክ አልተውም ያለችው እሷ ብቻ ናት። መንገዱም ከእኛ ደጅ የሚወርደው ነው። ጎተራው ጣሪያው አለ አይደል? እሱን ከመነሳታችን በፊት በነበረው ክረምት ነው ያፈረሱት። ከዚያ በጸደይ እሷ ሞተች።»

 የእናቷን ፊት ለማየት ማሽኑን እስከ መጨረሻው ጥራት አድርሳው ነበር፤ በዚያ ላይ የሚወጣው የፊልሙ ቅንጣት ብቻ ነው፣ እንደ ተበተነ አሸዋ። ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ጥምጥሟና ትንሽ ጎበጥ ያለው ትከሻዋ ብቻ ነበር።

ያስለቀሳት ግን ይኼ አልነበረም።

«ቃሊይ አይቷት ነበር» አለች። «ቡሩል፣ እናቴን አይቷታል። ዕድሜውን ሙሉ አማቴን ሳላውቃት ቀረሁ እያለ ይቆጭ ነበር። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበረች እኮ። ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር ስንኖር አላወቅንም። አሁን ለማን ልንገረው?»

እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

ታላይ ፎቶውን ስትልክለት በጣም ተደሰተ፤ አንድ የሥራ ጓደኛውን ለምኖ የደበዘዘ ፊት በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ አስገባው። ለእናቱ በድንገት ላከላት። አንዲት ቆንጆ አሮጊት ናት፤ ዓይኗ የጠራ፣ የፊቷ መስመር ሁሉ የሚቆጠር። እትዬ ኑርጃማል ስልኩን ወደ ብርሃን አዙራ ለረጅም ጊዜ አየቻት። እውነቱን ለመናገር፣ ልትቀበላት የፈለገች መስሎኝ ነበር። ጣቷ በሴትዮዋ ጉንጭ ላይ ሄደ። ከዚያ ለልጇ ደወለች።

«ታላይዬ፣ ቆንጆ ሴት ናት። አፍንጫዋ ግን የማን ነው?»

ልጁ ፕሮግራሙ ከብዙ ሰው ፊት ተምሮ እንደሚሠራው አስረዳት።

«እንግዲያው የብዙ ሰው እናት ናት» አለችው። «አጥፋት፣ የእኔ ልጅ። ከለመድኳት ያቺን ያለችኝንም ትወስድብኛለች።»

አጠፋት። እሷም ከስልኳ ስታጠፋ አየኋት።

የቀሩትን ፊልሞች በጋው ሲገባ ጨረሰች። ወሬው ተሰምቶ ከታች መንደሮች የተነሱ ሰዎች እየመጡ ኮምፒውተሩን ከበው አባታቸውን፣ ፈረሳቸውን፣ የቤታቸውን ጭስ ማውጫ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ያገኛል፣ አብዛኛው አያገኝም። ባዶውን ለሚመለሰው ሻይና ማር አቅርባ ከሌላው አስበልጣ ታስተናግደዋለች።

በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ ግድቡ ጎድሎ ዳሩ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ፎቶው የተነሳበትን ኮረብታ እንፈልግ አለችኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለች እንዴ፤ ከማዶ ያሉትን የተራራ ጫፎች ከታተመው ፎቶ ጋር እያስተያየች፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ እያለች፣ አንድ ድንጋያማ ቦታ ላይ አቆመችን። ከፊታችን ሸለቆው ሙሉ ውኃ ነው።

«እዚህ ነው የቆመው» አለች። ወደ ታች በጣቷ ጠቆመች። «እሷ እዚያ ናት።»

ውኃው ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ብርድ ስለነካኝ እንሂድ ልል ነበር፤ ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ሻሿን አጥብቃ ስታስር አየሁና እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።