ኖር ያልንላት መንገደኛ

የእስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ኮት ነው። አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው፣ ገልብጠው ያጠፉትን ግራጫ ኮት ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ሰው እግሩን የሚዘረጋበት አጥቶ እሳቸው ኮታቸው እንዳይጨማደድ ይጠነቀቃሉ። ቀልድ መሰለኝ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚባለው፣ ሥራዬን ጠየቀኝ። ትኬት ቢሮ እንደምሠራ ስነግረው ሽማግሌው ቀና አሉ።

"ከካልጋሪ እዚህ ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ ልጄ?"

"አሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጋሼ። ቶሮንቶ ላይ አውሮፕላን ይቀየራል። ከነጥበቃው አንድ ቀን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።"

ልጃቸው ከካልጋሪ የተነሳችው በእኛ ሰዓት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ከአገር ከወጣች ስትመለስ የመጀመሪያዋ ነው። ቦሌ ቆሜ እቀበልሻለሁ ብለዋታል። እሳቸውን የወሰዷቸው ደግሞ በዋዜማው ነው፤ ለልጅቷ የነገራት የለም።

"አባቴ ረሳኝ ትላለች" አሉ። ከመታሰራቸው ይልቅ ይሄ ነበር የሚያንገበግባቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራ አላጣሁም። "አሁን የት ደረሰች?" ይሉኛል።

"ቶሮንቶ ወርዳለች።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጠይቁኛል። "አሁን ባሕሩ ላይ ናት፣ ጋሼ።"

"ምግቡ ተስማምቷት ይሆን?" አለ አንዱ፣ ደረቅ ዳቦ እያኘከ። ሳቅን።

ሲነጋ ኮታቸውን ለበሱ፤ ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆለፉ።

"ይሄኔ አርፋለች" አልኳቸው።

በሩ ፊት ለፊት ቆሙ። ካቦው ተነሳ፤ ሁላችንም ተነሳን። እንግዳ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚያይ አሳዳጊ የበደለው ነው። "ኖር!" አልን ባንድ አፍ።

በሩ ተከፈተ። ሽንት ቤት ሊያስወጣን የመጣው ተረኛ ፖሊስ ሁላችንንም ቆመን ሲያየን ለእሱ የተነሳን መሰለው።

"በእግዜር፣ በእግዜር! ቁጭ በሉ" አለ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ አፈረ መሰለኝ፣ አቀረቀረ።

"ተመስገን" አሉ ጋሼ። "ገብታለች።"

እኩለ ቀን ላይ በስማቸው ስንቅ መጣ፤ እላዩ ላይ የውጭ አገር ቸኮሌት ነበረበት። አልቀመሱትም፤ ለእኛ አከፋፈሉት። ከሰዓት በኋላ እኔን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩኝ። አባትና ልጅ ይተያዩ አይተያዩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን እኔም ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ እንግዳ ለመቀበል የምጠራው እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ሁሌ ይነጫነጫል።

"መኪና ውስጥ ቁጭ በል፣ ሲወጣ ኮል ያደርግልሃል። ምን አስቆመህ?"

እኔ እዚህ የደረስኩ ቀን የቆመልኝ ሰው አልነበረም፤ አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ለጓደኛዬ ይሄን አልነግረውም። ፓርክ አድርጌ እገባለሁ፤ መንገደኞቹ የሚወጡበት በር ፊት ለፊት እቆማለሁ። ጋሼ በተቆለፈ በር ፊት ቆመው ልጃቸውን ተቀብለዋል። የእኔ በር ክፍት ነው።