ደምለው ሥራውን የተናገረበት ቀን

ባለቤቴ ደምለው መዋሸት አያውቅበትም፤ ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ከመጣን ወዲህ ከጽዳት በቀር ሥራ አላገኘም ነበር። ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ያለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል ሲባል ተያይዘን ሄድን። የሚቀጥሩት ስለ ብረትና ስለ መሣሪያ በሚጠይቅ መጠይቅ ነው። ዕብራይስጡ ስላልገራልን አስተርጓሚው ስመኘው በአማርኛ እየጠየቀ መልሱን ይሞላ ጀመር።

«አገር ቤት ሥራዎ ምን ነበር?»

«ገበሬ፣» አለና ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ።

ገበሬ! ማረሻ ሲሠራ እንጂ ሲያርስ አይቼው አላውቅም እኮ። ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን ማጭዳቸውን እሱ ዘንድ ያሠሩና፣ ዞር ብለው «ቡዳ ነው» እያሉ ልጆቻቸውን ከዓይኑ ይሸሽጋሉ። አዲስ አበባም አከራያችን ቀጥቃጭ መሆኑን የሰማች ዕለት ዕቃችንን ደጅ አወጣችው። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ ገበሬ ነው።

ገበሬ ካለ በኋላማ እንዴት ብረት ይወቅ! ስለ መሞረድ ሲጠየቅ «አላውቅም»፤ ስለ መበየድ «አላውቅም»። ሥራው ከእጁ ሲያመልጥ እያየሁ ንድድ አልሁ።

«የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር ምን ይሆናል?» አለ ስመኘው።

ደምለው አጎንብሶ እጆቹን አየ። እጆቹ ላይ ያለው የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«አንተ ሰው፣» አልሁት፣ «ልጆቻችንን ያሳደግህበትን ሥራ እኮ ነው አላውቅም የምትለው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ስመኘው ዞረ።

«የፊተኛውን ሰርዘው፣ ወንድሜ። ቀጥቃጭ ነኝ። አባቴም ቀጥቃጭ ነበሩ። እስቲ እንደገና ጠይቀኝ።»

ድምፁ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዘንድ ደረሰ፤ ከመካከላቸውም የአገራችን ሰዎች ነበሩ። ማንም ፊቱን አላዞረም። ስመኘው ከላይ ጀመረ፣ ደምለውም መለሰ፤ ስለ ብየዳ ብቻ «አላውቅም» አለ፤ ይህኛው እውነቱን ነው። አጠገባችን የተቀመጠው የፋብሪካው ኃላፊ ዮታም ምን እንደተባለ ሲጠይቅ ስመኘው «ናፓኅ ነው» አለው፤ ቀጥቃጭ በዕብራይስጥ ነው። ዮታም ብድግ ብሎ ደምለውን ጨበጠው።

«እሁድ ይምጣ፣ ብየዳውን እናስተምረዋለን፣» አለ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከየት እንደመጣን በዕብራይስጥ ጠየቀችን።

«ናፓኅ ነኝ፣» አላት ደምለው።

ማን ሥራህን ጠየቀህ! ልስቅበት ብዬ ዞር ስል እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ፤ ጆሮውን አልነካም። ኮራሁበት።